ከፋይል የወጣች ድመት «በሻጩ የተሠራች» አትባልም

የእጅ ሥራ የሚሸጥበት የገበያ ድረ ገጽ ኤትሲ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ባወጣው የፈጠራ መስፈርት ዕቃዎችን በሻጩ የተሠራ፣ በሻጩ የተነደፈ፣ በሻጩ የተመረጠ፣ በሻጩ የቀረበ ብሎ ሲከፋፍል፣ ጭቃ አሽቶ ትንሽ የድመት ቅርጽ የሚቀርጸውንና የኮምፒውተር ፋይል ከፍቶ ቅርጹን የሚያወጣ ማተሚያ (3ዲ ፕሪንተር) የሚያስነሳውን አንድ ሳጥን ውስጥ ከተታቸው። ሁለቱም «ሠሪ» ተባሉ። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥቂት ቃላት ጽፎ የድመት ሥዕል የሚያስወጣው ደግሞ «ነዳፊ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። በ2025 ድረ ገጹ ደንቡን ጠበቅ አድርጎ፣ በኮምፒውተር መሣሪያ የሚመረት ዕቃ ከሻጩ ከራሱ ንድፍ የተነሣ መሆን አለበት ብሏል። ይህን እንደ ድል የሚቆጥሩ አሉ። የምን ድል? ሳጥኑ አሁንም ያው አንድ ሳጥን ነው።

ለዚህ ድልድል ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት መከራከሪያ፣ ገዢው ልዩነቱን በዓይኑ ካላየ ምን ይጎዳል የሚል ነው። ድመት ድመት ናት፤ ደስ ካለችው ይግዛት ይላሉ። ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው፤ ይጎዳልና። በሬዚን፣ ማለትም በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ የምትታተም ድመት ፈሳሹን ለመቆጠብ ሲባል አንዳንድ ጊዜ ውስጧ ባዶ ተደርጎ ትወጣለች። አታሚው ከሥሯ መፍሰሻ ቀዳዳ ካልተወላት፣ ውስጧን በአልኮል አጥቦ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ካላደረቀው፣ ያልደረቀው ሬዚን እዚያው ታሽጎ ይቀራል። ቀለም ተቀብታ፣ ቫርኒሽ ተደርጎላት፣ መደርደሪያ ላይ ወራት ከተቀመጠች በኋላ ጎኗ ተሰንጥቆ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ልታወጣ ትችላለች። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳ ላይ አለርጂ ያስነሳል። አታሚዎቹ ራሳቸው ያለ ጓንት የማይነኩት ለዚህ ነው። ገዢው ግን «በሻጩ የተሠራ» የሚለውን አይቶ ጭቃ መስሎት በባዶ እጁ ይጠርጋታል። ጥገናውም ይለያያል። የፖሊመር ክሌይ (ምድጃ ውስጥ የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ጭቃ) ድመት ጅራቷ ቢሰበር፣ ስብራቱን ፈሳሽ ክሌይ ቀብቶ ገጥሞ እንደገና ምድጃ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። የሬዚኗን በዚያ መንገድ እጠግናለሁ ያለ ሰው ጨርሶ ያበላሻታል። እንግዲህ ምን እንደገዛ ማወቅ ለገዢው አያስፈልገውም የሚል ሰው ይህን ለገዢው ፊት ለፊት ይንገረው።

«ማተሚያም እንደ ብሩሽ መሣሪያ ነው» የሚለውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። በሬዚን ማተሚያ ሰዓቱን የሚወስነው የዕቃው ቁመት ነው፤ ብዛቱ ምንም ለውጥ አያመጣም። ለአንዲት ድመት የሚበቃው ጊዜ ሳህኑን ሙሉ ለሞላ ድመትም ይበቃል። ሁለተኛዋን ድመት በነጻ የሚሰጥ ብሩሽ የት አለ? በእጅ ሥራ ሁለተኛዋ ድመት የመጀመሪያዋን ያህል ሰዓት ትበላለች፤ አሥረኛዋም እንደዚያው። ዋጋውን የሚሠራው ይህ ነው፤ የድረ ገጹ ደንብ አይቶ እንዳላየ ያለፈውም ይህንኑ ነው።

ሥራውን ከሥሩ እንየው። የአሻንጉሊት ቤት ሚኒየቸር (እውነተኛውን ነገር አሳንሶ የሚያሳይ ቅርጽ) በብዛት የሚሠራበት ልኬት አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። እስከ ትከሻዋ 24 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ድመት በዚህ ልኬት 2 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ የጭንቅላቷ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። መጀመሪያ አጽሟ ከቀጭን ሽቦ ይታጠፋል፤ ሆዷና ደረቷ ተጨምቆ በተጠቀጠቀ የአሉሚኒየም ፎይል ይሞላል። ፎይሉ ክብደት ከመቀነስ ያለፈ ጥቅም አለው። ወፍራም ክሌይ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ላዩ ቀድሞ ይጠነክርና ውስጡ በሙቀት ሲለጠጥ ይሰነጥቀዋል፤ ፎይል ካለ ግን ክሌዩ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ እኩል ይበስላል። ክሌይ ባዶ ሽቦ ላይ አይዝም። ሽቦው አስቀድሞ ፈሳሽ ክሌይ ካልተቀባ፣ እግሯ ከበሰለ በኋላ ሽቦው ላይ እንደ ቀለበት ይዞራል።

ክሌዩ በደንብ ካልታሸ አየር ይዞ ይቀራል፤ ሲበስል ከላዩ ሥር ነጫጭ ግማሽ ጨረቃዎች ይወጡበታል፤ በጥቁር ድመት ላይ ደግሞ ከሩቅ ይታያሉ። የማብሰያው ሙቀት እንደ አምራቹ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ጊዜው በአብዛኛው 30 ደቂቃ ያህል ነው፤ ወፍራም ሲሆን ይጨመራል። የምድጃው መዞሪያ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም፤ ለብቻው የሚቀመጥ የምድጃ ቴርሞሜትር ግድ ነው። ሙቀቱ ካነሰ ጆሮዋ ደርቃ ትመስላለች፣ ጥፍር ሲነካት ግን ትሰበራለች። ከበዛ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠቁሩት የጆሮና የጅራት ጫፎች ናቸው፤ ስለዚህ በፎይል ይከለላሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀባው ቫርኒሽ በውሃ የሚቀጥን ዓይነት መሆን አለበት። በርካታ የሚረጩ ቫርኒሾች ከፖሊመር ክሌይ ጋር ስለማይስማሙ ዕቃው ለዘለቄታው ተጣባቂ ሆኖ አቧራ ይሰበስባል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጥንቃቄ ነው፤ ማንም ታግሦ ይማረዋል። የድመቷ ጨዋታ ያለው ግን ፊቷ ላይ ነው። ዓይኖቿን ከጭንቅላቷ መሃል መስመር ዝቅ አድርጎ አራርቆ መትከል ግልገል ያስመስላታል፤ ከፍ አድርጎ ማቀራረብ ተንኮለኛ ያደርጋታል። በልኩ ቢሆን 2 ሚሊ ሜትር የሚበቃውን ዓይን 3 ማድረግ ተመልካቹን ፈገግ ያሰኛል፤ 4 ማድረግ ግን ከድመትነት ያወጣታል። ብሌኑ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ፀሐይ ላይ የተኛች ናት፤ ሰፊና ክብ ከሆነ ልትዘል ያደባች ናት። ጆሮዋ ወደ ፊት ሲያዘነብል ጉጉት፣ ወደ ጎን ሲተኛ ብስጭት ነው። በዚህ መጠን ይህን ሁሉ የሚለየው የግማሽ ሚሊ ሜትር ፈቀቅታ ነው፤ ያንን የምታደርገው በስቴኪኒ ጫፍ፣ ክሌዩ ሳይበስል፣ ጭንቅላቷን እያዞርክ ከሁሉም አቅጣጫ እያየህ ነው። ጎንበስ ያለች ድመት ከፊት ስትታይ ጥሩ ሆና ከላይ ስትታይ ሬሳ ልትመስል ትችላለች። እያንዳንዷ ድመት የራሷን ውሳኔ ትጠይቃለች፤ ያለፈችው ድመት መልስ ለዚህችኛዋ አይሠራም፤ አንገቷ በትንሹ ዞሯል፣ አንዱ ጉንጯ ከሌላው ሞልቷል፤ ዓይኑም በዚያው ልክ መቀየር አለበት። ፋይሉ ውስጥ ይህ ውሳኔ አንዴ ተወስኖ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሁሉ የውሳኔው ቅጂ ናቸው፤ ቅጂውን ሠራሁ ማለት ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

ጸጉር የሚለጠፍባት ድመት ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ትፈልጋለች። የሐር ወይም የቪስኮስ ጭረት (በጣም ቀጭን ክር) በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቆረጣል፤ ኮላው በጣም ስስ ሆኖ ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ይቀባል፤ ልጠፋውም ከጅራትና ከእግር ተነሥቶ ወደ ጭንቅላት፣ የሣር ክዳን እንደሚደረደር የላይኛው የታችኛውን እየሸፈነ ይሄዳል። ከጭንቅላት የጀመረ ሰው ሁሉንም ሥር አጋልጦ ይጨርሳል። ኮላው ከበዛ ወደ ላይ ይሰርግና ጸጉሩ እየተጣበቀ ያብለጨልጫል። ጢሟስ? የሰው ጸጉር ውፍረቱ ወደ 0.07 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ ለዚህች ድመት ጢም ወፍራም ነው፤ የሐር ነጠላ ጭረት ይሻላል። ይህን የሠራ ሰው «ሁለታችሁም በሻጩ የተሠራ ናችሁ» ሲባል ቢቆጣ ምን ያስገርማል?

ቅጂና ድመት አብረው እንደማይሄዱ ሳይንሱ ራሱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 22 ቀን 2001 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ በክሎኒንግ (ከሌላ ድመት ሴል በመቅዳት) የተገኘች ድመት ተወለደች፤ ሲሲ ተባለች። ሴሉ የተወሰደባት ሬይንቦው ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ያለባት ባለ ሦስት ቀለም ድመት ነበረች። ሲሲ በዘረመል ያቺው ሆና ሳለ ብርቱካናማ ጸጉር ጨርሶ አልነበራትም። ምክንያቱ ይታወቃል። ብርቱካናማውን ቀለም የሚወስነው ዘረመል ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ በእንስት ድመት እያንዳንዱ ሴል ገና በፅንስነት ከሁለቱ ኤክስ አንዱን በዘፈቀደ ይዘጋል፤ ክሎኑ የተነሣበት ሴል የዘጋው ብርቱካናማውን ነበር። ባለ ሦስት ቀለም ድመት ሁለት ጊዜ አትወለድም ማለት ነው። ላቦራቶሪው እንኳን ያልደገማትን ድመት፣ እያንዳንዱ ቅንጣቢ ቀለም በዚያው ቦታ ላይ ሆኖ ደርዘን በደርዘን ስትሸጥ ካያችሁ የምታዩት የፋብሪካ ምርት ነው። በእጅ የሚቀባ ሰው ቢፈልግም እንኳን ሁለት ጊዜ እኩል አያወጣትም።

ወደ «ነዳፊዎቹ» ልምጣ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን ሰውን የውጤቱ ደራሲ አያደርገውም ብሏል። መንግሥት ደራሲ ነህ ብሎ የማያውቀውን ሰው የገበያ ድረ ገጽ ነዳፊ ብሎ ያጸድቀዋል። በዚህ ላይ ከሥዕል መሸጥ አልፎ፣ ጭራሽ ያልተሠራች ሚኒየቸርን ፎቶ አስመስሎ አውጥቶ ትእዛዝ የሚቀበልም አለ። እንዲህ ያለውን ፎቶ የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ መዳፉ ነው። ድመት የፊት እግሯ አምስት፣ የኋላው አራት ጣት አለው፤ የፊቱ አምስተኛ ጣት ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ስለሚወጣ ከፊት ለፊት የሚታዩት አራት ናቸው። ስድስት ጣት፣ ከጉንጭ ይልቅ ከዓይን ሥር የበቀለ ጢም፣ ሁለት ፎቶ ላይ ቦታው የተለያየ ነጠብጣብ ካያችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

የታተመችውን ለመለየትም ዘዴ አለ። የማተሚያው ንብርብር ብዙ ጊዜ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጀርባዋንና የጭንቅላቷን ክብ በአጉሊ መነጽር በጎን ብርሃን ስታዩት እንደ ካርታ ኮረብታ መስመር ይታያል። ከሆዷና ከአገጯ ሥር የድጋፍ ምሰሶዎቹ የተሰበሩበት ነጠብጣብ በብርጭቆ ወረቀት ካልጠፋ ይገኛል። ግራና ቀኝ ጆሮዋ የመስታወት ያህል አንድ ከሆኑ ኮምፒውተሩ ግማሹን ገልብጦታል። ሻጩ የድመቷን ሥር የሚያሳይ ፎቶ እንዲልክ ጠይቁት፤ እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ቅርጽ ማውጫም እኮ ጥንታዊ ነው የሚል ይመጣል። ልክ ነው፤ የጃፓኗ እጇን የምታነሣው ድመት በቅርጽ ማውጫ እየወጣች በእጅ ስትቀባ ኖራለች። ራሱ የቀረጻትን ድመት በሲሊኮን ቀድቶ የሚያባዛ ሰው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ «ከራሴ ቅርጽ ማውጫ የወጣች፣ በእጅ የተቀባች» ብሎ እስከ ጻፈ ድረስ። በራሱ ፋይል የሚያትመውም እንዲሁ ስሙን ይጥራ። ኤትሲ ሦስቱን ለመለየት የሚከብደው ነገር የለም፤ በእጅ የተቀረጸ፣ በቅርጽ ማውጫ የወጣ፣ የታተመ የሚሉ ሦስት ምልክቶች ማስቀመጥ ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ 6.5 በመቶ የሚቆርጥ ድርጅት ይህችን ያህል ሥራ ሊሠራ ይገባዋል።

እስከዚያው በእጅ የምትሠሩ ሰዎች ደግሞ ዋጋችሁን ከታተመችው ጋር ማፎካከር አቁሙ። ሰዓታችሁን ቁጠሩ፤ ማቴሪያሉን፣ በምድጃ የተበላሸውን፣ ማሸጊያውንና የድረ ገጹን ድርሻ ደምሩ፤ ከዚያ በታች የሚሸጥ ሰው የራሱን ሥራ ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም ያረክሳል። በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ ማቴሪያሉን፣ ልኬቱን፣ ከማብሰሉ በፊት ፊቷ በእጅ እንደተቀረጸ ጻፉ፤ ለአዋቂ ሰብሳቢ እንጂ ለሕፃን መጫወቻ እንዳልሆነችም ጨምሩ፤ እንዲህ ያለች ጥቃቅን ነገር ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ትቀረቀራለች። ፎቶው አንዱ ከማስመሪያ ጋር፣ አንዱ ከሥር፣ አንዱ ሳትበስል የተነሣ ይሁን። ስትልኳት መዳፏን በትንሽ ሰም ካርቶን ላይ አጣብቃችሁ፣ ጅራቷንና ጢሟን ምንም ሳይነካ፣ ጠንካራ ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ እሱን ደግሞ ዙሪያው በተሞላ ትልቅ ሳጥን ውስጥ አድርጉ። ጥጥ ውስጥ አትጠቅልሏት፤ ጭረቱ ጢሟን ይዞ ይነቅለዋል።