ከወራቱ ቁጥር በፊት ሊታሰብበት የሚገባ

ስለ ተፋጠነ የነርስነት ትምህርት የቀረበው ጽሑፍ፣ በሌላ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች በአሜሪካ በተፋጠነ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 18 ወራት ውስጥ የነርስነት ዲግሪ እንደሚያገኙ መግለጹ ትክክል ቢሆንም፣ አናቶሚን፣ ፊዚዮሎጂንና ማይክሮባዮሎጂን የመሳሰሉ ቅድመ ኮርሶችን ላልወሰደ አመልካች እነርሱን ማሟያው ጊዜ በዚህ ስሌት እንደማይገባ ቢጠቅስ መልካም ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን የኑሮ ወጪ ነው። የክፍል ትምህርቱና የሆስፒታል ልምምዱ ፋታ ስለማይሰጡ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ጎን ለጎን እንዳይሠራ ይመክራሉ፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ፔል ግራንት የተባለውን የፌዴራል ድጎማ ስለማያገኝ፣ የሚቀረው በአብዛኛው ቁጠባ፣ ብድር ወይም የቤተሰብ ድጋፍ ነው። ልምምዱ በሌሊት ወይም በቅዳሜና እሁድ ሊመደብ ስለሚችል፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት ወላጅ (በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ የሚፈተነው እርሱ ነው) ልጆቹን የሚይዝለት ሰው ሳያገኝ ባይመዘገብ ይሻላል። አቅሙ ያልተደላደለ ሰው በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የነርስነት አሶሼት ዲግሪ (ከባችለር በታች ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ዲግሪ) ይዞ፣ የተፋጠነው ፕሮግራም ተመራቂዎችም የሚወስዱትን ያንኑ ኤንክሌክስ የተባለ የነርስነት ፈቃድ ፈተና አልፎ፣ እየሠራ ወደ ባችለር ቢያድግ የሚያፍርበት ነገር የለም። የተፋጠነውን የመረጠ ደግሞ ከማመልከቱ በፊት ትምህርት ቤቱ ዕውቅና እንዳለው ያረጋግጥ፤ ስንቶቹ ተመራቂዎች ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፉ ብቻ ሳይሆን፣ ስንቶቹ ተማሪዎች እንዳቋረጡም ይጠይቅ።