እርማት፦ የካቲት 12 እና የስድስት ኪሎ ተማሪዎች

ስለ የካቲት 12 በተሰጡት አስተያየቶች ውስጥ አንድ ነገር ሲደጋገም አየሁ። ባጭሩ፦ «ግራዚያኒ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተማሪዎቹን ጨፈጨፈ፤ አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልትም የእነሱ ነው» የሚል ነው። በቅንነት የተጻፈ ይመስለኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

ጭፍጨፋው በተፈጸመበት በ1929 ዓ.ም. በአገራችን ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ግቢው የንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን የጣልያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ተቀመጠበት። የዚያን ቀን ግቢውን የሞሉት በአብዛኛው ምጽዋት ይሰጣችኋል የተባሉ ድሆች ናቸው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒን ለመግደል ቦምብ ሲወረውሩ፣ የጣልያን ጥይት መጀመሪያ የወረደው በእነዚሁ ድሆች ላይ ነው። ቀጥሎ ለሦስት ቀን የከተማው ሰው ተገደለ፤ ቤቱም ተቃጠለ። «ተማሪዎች» ስንል እነዚህ ሁሉ ከታሪኩ ይወጣሉ። ሐውልቱ ደግሞ የእነሱ ጭምር ነው።

ግርታው ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች በእርግጥ ተለይተው እየታደኑ ተገድለዋል። የተማሩ ነበሩ እንጂ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች አልነበሩም።

ማጣራት ለሚፈልግ ቀላል ነው፤ ዓመቶቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የዩኒቨርሲቲው መነሻ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተመሠረተው በ1943 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲው በገነተ ልዑል ግቢ የተመረቀው ደግሞ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ያላችሁ ቤተ መንግሥቱን ራሱን ግቡና እዩት፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል።