ክላሽ ልግዛ ላለኝ ጎረቤቴ

እኔ የምኖረው አዘዞ ዳር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤቴ የሚያልባት ላሙን ሊሸጥ እንደሆነ ነገረኝ። በብሩ ክላሽ ሊገዛ ነው። «ታዲያ ልጆቼን ማን ይጠብቅልኝ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ጎንደር ውስጥ የእገታ ወሬ ያልገባበት ቤት የለም። ቤቱን ሸጦ፣ ከዘመድ ለምኖ ለአጋች የከፈለው ስንቱ ነው! ስለዚህ ጎረቤቴ ላይ አልፈርድም። ላሙን እንዳይሸጥ ግን ለምኜዋለሁ።

አጋች ሰዓቱንም ቦታውንም የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው። ብቻውንም አይመጣም። የሱቅህን በር ስትቆልፍ፣ ጀርባህን ስትሰጥ ይደርስብሃል። ክላሹ ትከሻህ ላይ ቢሆን እንኳ ማውረድ አለ፣ መጠበቂያ መክፈት አለ፣ ማቀባበል አለ። ዴኒስ ቱለር የሚባል የአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሰልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለዚሁ ጽፎ ነበር። ቢላ የያዘ ሰው 6 ሜትር ከግማሽ ለመሮጥ 1.5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። የሠለጠነ ፖሊስም ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስ ያንኑ ያህል ይፈጅበታል። ያ እንግዲህ ሥራው መሣሪያ የሆነ ሰው ነው። ጎረቤቴ ግን ገበሬ ነው።

ተኩሶ ቢስትስ? የሰፈራችን ቤት ጭቃና ቆርቆሮ ነው። የክላሽ ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይበራል፤ ቆርቆሮ አያቆመውም። የክላሽ መጠበቂያ ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው አውቶማቲኩን፣ ተከታትሎ የሚተኩሰውን ነው። ነጠላው ከሱ በታች ነው። አውቶማቲኩ ላይ ሆኖ ምላጩን ይዞ የቀረ ሰው 30 ጥይቱን በ3 ሰከንድ ይጨርሳል። ይህን ሳያውቅ ክላሽ ያነገተ ሰው አውቃለሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን መባረቁ ነው። የአጎቴ ልጅ ክላሹን ሲወለውል ካዝናውን አውጥቶ ነበር። በርሜሉ የጎረሰውን አንድ ጥይት ግን ረሳው። ባረቀበት። ጥይቱ የታናሽ ወንድሙን ጭን በሳው። ልጁ ዛሬም ያነክሳል፤ ታላቁም ዓይኑን ቀና አድርጎ አያየውም። ጎረቤቴ አራት ልጆች አሉት፣ ቤቱ ደግሞ አንድ ክፍል ነው። የት ሊያስቀምጠው ነው?

ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን መከላከል ይፈቅዳል፤ ከልክ ካለፈ ግን በአንቀጽ 79 ሊያስጠይቅ ይችላል። ሸሽቶ የሚሮጠውን ሌባ ከኋላው ተኩሰህ ብትገድለው ተከሳሽ ትሆናለህ። ከእስር ብትወጣ እንኳ የሟች ወንድም አለ። ሽማግሌ ገብቶ ደሙን እስኪያደርቅ ልጆችህ ከቤት አይወጡም። ልጆቼን ልጠብቅ ብለህ አልነበረም ወይ የገዛኸው?

ብቻውን መንገድ ለሚሄድ ሰውማ ክላሹ ራሱ የሚዘረፍ ንብረት ነው። ለሱ ሲሉ የሚያደቡም አሉ።

ሰፈሩን መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው። እሱን መጠየቃችንን አናቆምም። እስከዚያው ግን ጎረቤቴ ላሙን አልሸጠም። ትናንት ማታ አምስት አባወራዎች እሱ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ልጆቹን ትምህርት ቤት የምናመላልስበትን ተራ ደለደልን። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው፤ መንገዱንም በየቀኑ እንቀያይራለን። ሰኞ የእኔና የእሱ ተራ ነው።