ለክቡር «+1»፣ ከመድረሻ ሰዓት በስተቀኝ

ጉዳዩ፦ ያልኖርኩት ሌሊት ኪራይ ስለተወሰደብኝ

በአውሮፕላን ትኬቴ ላይ ከመድረሻ ሰዓት በስተቀኝ፣ ከቁጥሮቹ ራስ ትንሽ ከፍ ብለው፣ «የሚደርሱት በማግሥቱ ነው» ለማለት ትንኝ በምታህል ፊደል ለሚኖሩት ለክቡርነትዎ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ማመልከቻ የምጽፈው ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከሚገኝ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሲሆን፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል፤ ቀኑን እርስዎ ያውቁታል።

ሆኖሉሉንና ኦክላንድን ሳወዳድር ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በጃንዋሪ የሃዋይ ባሕር ዓሣ ነባሪዎች ከሰሜን ወርደው የሚወልዱበት በመሆኑ ሆኖሉሉ ታጓጓለች፤ ፀሐይዋ ግን ገና 12 ሰዓት ከማለፉ ትጠልቃለች። ኦክላንድ በዚያው ወር በጋዋ ስለሆነ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ብርሃን አላት፤ ከተማዋ 50 ያህል እሳተ ገሞራዎች ባሉበት ምድር ላይ የተቆረቆረች በመሆኗም ከኮረብታ ኮረብታ በእግሩ መዞር ለሚወድ ሰው ሆኖሉሉ ውስጥ ዋይኪኪ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ከመጋደም ትሻላለች ባይ ነኝ። ይህን የምለው ሶፋዋ ላይ እየቆረቆረኝ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ለማየት የቆረጥኩት ግን በሰዓታቸው ምክንያት ነው፤ የግድግዳ ሰዓታቸው የሚለያየው በ1 ሰዓት ብቻ ነዋ!

ትኬቱ አውሮፕላኑ ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆኖሉሉ ተነሥቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ኦክላንድ እንደሚደርስ ይናገራል። በረራው 9 ሰዓት ነው፣ ልዩነቱ 1 ሰዓት ነው፣ ሒሳቡ ልክ መጣ። ስሕተት ያለበት ሒሳብ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ሌሊት አስይዤ ከፈልኩ። ኦክላንድ 1 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረች ሳትሆን 23 ሰዓት የቀደመች መሆኗን ሊያስታውሱኝ የቆሙት እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ እኔም የስልኬ መስታወት ላይ ያረፈ አቧራ መስለውኝ በአውራ ጣቴ ጠርጌዎታለሁ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስደርስ ተረኛዋ ወጣት ስሜን ሁለት ጊዜ ፈለገችና «ይቅርታ፣ እኛ የጠበቅንዎት ትናንት ማታ ነበር» አለችኝ። ትናንት ሌላ አገር ስዋኝ እንደዋልኩ፣ ዛሬ ሰኞ እንደሆነ፣ የሰኞ ክፍልም የእኔ እንደሆነ ድምፄን ከፍ አድርጌ አስረዳሁ። አልተከራከረችኝም፤ የጠረጴዛውን የቀን መቁጠሪያ በአንድ ጣቷ ወደ እኔ አዞረችው። አንድ ሰው በስሕተት ገልብጦት ይሆናል አልኳት። ይህን ጊዜ ከኋላዬ ከተሰለፉት መካከል የአባቱን እጅ የያዘ፣ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» አለ፣ ሕመምተኛ በሚያባብል ድምፅ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁልኝ ይሻለኝ ነበር። ላሳጣቸው ስልኬን ባወጣው እርሱም ከድቶኝ ማክሰኞ ብሏል።

በስሜ ትይዩ «ያልመጣ እንግዳ» ተብሎ ተመዝግቧል። በዚህም ምክንያት ክፍሌ ለሦስቱም ሌሊት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ የሰኞ ሌሊት ሒሳብ ግን አይመለስም። ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ሰኞ ለእኔ አልመሸም። ከሰኞ ቀትር በኋላ በቀጥታ ማክሰኞ ውስጥ ነው የገባሁት።

እዚህ ላይ ማሾፉን ልተወው። ሰፋ ያለ መቀመጫና የሻንጣ ዋስትና ሊሸጡልኝ ሲፈልጉ መስታወቱን ሙሉ የሚሸፍን ማስታወቂያ የሚደቅኑብኝ ሰዎች፣ «የሚደርሱት ማክሰኞ ነው» ብለው ሦስት ቃል መጻፍ እንዴት ያቅታቸዋል? የልደት ቀኔንና የፓስፖርቴን ማብቂያ ሁለት ሁለት ጊዜ ያስሞላኝ ቅጽ የምደርስበትን ዕለት በስሙ ለመጥራት ምን አፈረ? ቀለም እንዳያልቅ ነው? ያለቀውስ የእኔ ገንዘብ ነው።

የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት አገር የሆነችው ሳሞአ እንኳ ቀን ከሚቀየርበት መስመር ወዲያ ማዶ ለመዛወር እ.ኤ.አ. በ2011 ዲሴምበር 30ን ዘልላ ከሐሙስ ወደ ቅዳሜ ስትሻገር ለሕዝቧ አስቀድማ አስታውቃለች።

አለቃዎን ፈልጌ አቤት ልል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ዋሽንግተን የተሰበሰቡት መልእክተኞች የኬንትሮስ መነሻውን በግሪንዊች አሳለፉ እንጂ፣ በዚያኛው የምድር ወገን ቀን የሚቀየርበትን መስመር አላሰመሩም፤ እስከ ዛሬም መስመሩን የወሰነ ዓለም አቀፍ ውል የለም። ያለ ቀጣሪ ይህን ያህል ዘመን መሥራትዎ ያስደንቃል።

የመመለሻ ትኬቴን አሁን በአጉሊ መነጽር ሳየው ቅዳሜ ሌሊት ተነሥቼ ቅዳሜ ጠዋት እንደምደርስ ይናገራል። የወሰዱትን ቀን እየመለሱልኝ ከሆነ፣ እባክዎ ክፍል ያለው ሌሊት ይሁንልኝ፤ በፓስፖርት ሰልፍ የሚያልቅ ጠዋት አልፈልግም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ያልመጣው እንግዳ

ግልባጭ፦
ለጠረጴዛው የቀን መቁጠሪያ
አባቱ ሲፈቅድ፣ ለልጁ