ከባለቤቱ ያወቀ

ሰሞኑን እኛ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ «የታሪክ ቀን» ተብሎ ተከብሮ ነበር፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ካለቀ በኋላም ወሬው አላለቀም፣ ጀበና ቡና የምንጠጣበት ቤት ሁለት ሰዎች ተያይዘው ሰነበቱ። አንዱ ኮሚቴ ውስጥ የነበረ ልጅ ነው፣ ባጁን እስካሁን ከአንገቱ አላወለቀውም። ሌላኛው ዕድሜ ልካቸውን ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱና ሰው በጀልባ ሲያመላልሱ የኖሩ አዛውንት ናቸው።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ኮሚቴው ከአዲስ አበባ ኤቨንት ኦርጋናይዘር አስመጣ፣ ሳውንድ ሲስተም አስመጣ፣ ባነርና ቲሸርት አሳተመ፣ ይሄ ሁሉ ይሁን፣ ግን የከተማችንን ታሪክ ለኛው ለራሳችን የነገረን ከዛው የመጣው ኤምሲ ነው፣ ያውም ከሞባይሉ እያነበበ። «በደሴቷ ላይ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም» ሲል ከኋላ ያሉ ልጆች ሳቁ። ድሮ ደሴት ነበር ይባላል እንጂ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዟል፣ በእግርህ ዘው ትላለህ። ቀጠለና «መነኮሳቱ ከ800 ዓመት በፊት ጀምሮ ሲመገቡት የኖሩት ቆሮሶ ዓሣ» አለ። እዚህ ላይ አዛውንቱ አልቻሉም፣ ቆሮሶው ከሌላ ቦታ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ የተለቀቀው በሳቸው ዕድሜ ነዋ!

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አሉ ሲኒያቸውን እያስቀመጡ።

ልጁ «ጋሼ፣ አንቱ ጊዜው አልገባዎትም፣ ታሪክ አሁን ፓኬጅ ተደርጎ ነው የሚቀርበው፣ ፕሮፌሽናል ያስፈልገዋል» አላቸው። ፓኬጅ የምትለዋን ቃል እንዴት እንደሚወዳት፣ ስኳር ሲጠይቅ ሁሉ ሊላት ምንም አይቀረው። ሌላው መከራከሪያው ደግሞ «ሽማግሌ ማይክ ከያዘ አይለቅም» የሚል ነው። እሱ እንኳን እውነት አለው፣ ግን ኤምሲውስ መች ለቀቀ?

አዛውንቱ «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ወላሂ ስለ ገዳሙ ግን ከዛ ልጅ እኔ ልንገርህ» ብለው ጀመሩ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዛ ትምህርት ቤት እንዳቆሙ፣ መጽሐፍ ያስጽፉ እንደነበር፣ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ ቤተ መንግሥት ድረስ የሚሰማ ሰው እንደነበር። የጎረቤታችን የአርዲቦ ሐይቅ ውኃ በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ወደኛ ሐይቅ እንደሚገባ፣ ከኛ ግን መውጫ እንደሌለው። ደግሞ ያቺን እናቶች የሚያወሯትን፣ የንጉሥ ልጅ አንዲት ነፍሰ ጡር በድላ ፈጣሪ ተቆጥቶ አገሩን ሁሉ ውኃ ሲያደርገው ሴትየዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ የተረፈውን፣ ገዳሙም እዛችው መሬት ላይ ነው የሚባለውን። ይቺን ከመድረክ አንድም ሰው አላነሳትም። የወረዳችን የተሁለደሬ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ሆኖ ሳለ ስለ ሸሆቹ አንድ መስመር አልተነበበም፣ መንዙማ የሚያወጣ ሰው እንኳ አልተጠራም። ልጁ ለዚህ መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የሰዓት እጥረት»።

ቡና የምትቀዳልን ልጅ ግን ጨረሰችው። ፕሮግራሙ ላይ «ከምሳ በኋላ ገዳም ጉብኝት፣ ለሁሉም እንግዶች» ተብሎ ታትሟል። ሚኒባስ ሙሉ ሴት፣ ሀበሻ ቀሚስ ለብሶ፣ ሂል ጫማ አድርጎ ሄደ። የወንዶች ገዳም ሴት እንደማይገባ እዚህ የሚያውቀው ዲያቆን ብቻ አይደለም፣ ሕፃኑም ያውቃል። በሩ ላይ አንድ አባት በትሕትና መለሷቸው፣ ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ ድረስ እንግዶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ፀሐይ ላይ ቆዩ። «እኔን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር፣ ቡናም በነፃ እጋብዛቸው ነበር» አለች። ልጁ ባጁን ማሽከርከር ጀመረ። አዛውንቱ እንደገና «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ብያለሁ» አሉ።

«ስፖንሰር የሚመጣው በስም ነው» አለ ልጁ በመጨረሻ። ስፖንሰሩ መጣ እንበል፣ ባነሩ ላይ የሱ ስም ከከተማዋ ስም በልጦ ተጻፈ፣ ከዛስ?

እኔ በበኩሌ ችግሩ የአንድ ኮሚቴ አይመስለኝም፣ ዘመኑ ራሱ እንዲህ ሆኗል። ከሩቅ የመጣና ማይክ የያዘ ሁሉ አዋቂ ነው፣ ጎረቤትህ የሚያውቀው ግን ወሬ ነው። ሽምግልና የሚላክ ሰው ዘመድ ሞልቶት ንግግር የሚችል ሰው ይፈልጋል፣ ለቅሶ ቤት ካሜራ ይገባል፣ ልጆቻችን አያታቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስለ ገዛ ሰፈራቸው ቲክቶክ ይጠይቃሉ፣ እሷም የሚጠይቃት ስታጣ ዝም ትላለች። ገበሬውን ሳይቀር መቼ እንደሚዘራ ጫማው ጭቃ ያልነካ ሰው ስልጠና ይሰጠዋል፣ አበልም ይበላበታል። እኛም እናጨበጭባለን፣ ከባለቤቱ ያወቀውን አምጥተን፣ ከፍለን፣ ሆቴል ይዘንለት! ለዚያ ኤምሲ ከተከፈለው ላይ ትንሽ ተቀንሶ ለአዛውንቱ አንድ ወንበርና አንድ ማይክ ቢሰጣቸው ማን ይጎዳ ነበር? አሁን ደግሞ ለከርሞ ድሮን ይመጣል እየተባለ ነው፣ ገዳሙን ከላይ ለመቅረጽ። መነኮሳቱን ያስፈቀደ ሰው ስለመኖሩ ልጁን ብጠይቀው «እሱን ኦርጋናይዘሩ ይጨርሳል» አለኝ።