ለአውራ ጣት ክብር ይገባል

ባለፈው ቅዳሜ ማንጎ ልገዛ ሰፈራችን ፍራፍሬ ቤት እንደቆምኩ የዘመቻ ሰዎች መጡ። አምስት ናቸው። ሦስቱ ፎቶ ያነሳሉ። "ኬሚካል ያለበትን ፍራፍሬ ልንቆጣጠር ነው" አሉ።

መሣሪያ አልያዙም። ምን ያደርግላቸዋል? መሣሪያ ለአውሮፓውያን ነው። እነሱ ምስኪኖች የተለየ ገደብ ያልወጣለት ፀረ ተባይ በኪሎ ከ0.01 ሚሊግራም ካለፈ ብለው ላቦራቶሪ ውስጥ ሲጨነቁ ይውላሉ። የእኛ ሰው አውራ ጣት አለው።

ጣት ብላችሁ ጣት! ማንጎዋን ብድግ አደረጋት። አገላበጣት። ጫን ጫን አላት። አሸተታት፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኛም ትንፋሻችንን ዋጥን። ከዚያ ጆሮው ጋ አስጠግቶ ኳ ኳ አደረጋት። ሐብሐብ መስላው ይሆን? ወይስ መርዙ "አቤት" ይላል? ፓፓያዋንም እንዲሁ። ብርቱካኗንም። ሙዙ ጋ ሲደርስ ጣቱ ብቻውን አልበቃም፤ አንዱን ልጦ ቀመሰ። ሁለተኛውን ለማረጋገጥ በላ። ሦስተኛውን ባልደረባው አረጋገጠለት። "ንጹህ ነው!" ተባለ። ሻጩ ልጅ ግን ነጭ ገዋን ስላልለበሰ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ስንት ክረምት አለፈ። መደርደሪያ ላይ ነው፤ እሱን የሚነካው ተባይ የለም።

መቂና ባቱ ግን ሌላ ነው። ጠዋት የተረጨ ቲማቲም (አዎ፣ ሳይንሱ ፍራፍሬ ይለዋል) አይሱዙው ቆሞ ስለሚጠብቅ ከሰዓት ይለቀማል። ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ። ስሙም "መድኃኒት" ነው። ያለ ጭንብል ሲረጭ የሚውለው ልጅ ማታ ራሱን ይዞ ይተኛል። ባዶው ጀሪካን ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል። ውሃ! ሰው የሚጠጣው! እዚያ ካሜራ ይዞ የሚሄድ ጠፋ? አንዳንዱ መድኃኒት እንደሆነ የቲማቲሙ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ እኛ ቤት ብናጥበው ብናጥበው አይለቅም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ሰዎቹ ሲሄዱ የማንጎውን ዋጋ ጠየቅኩ።

"አሥር ብር ጨምሯል፣ ጋሼ።"

"አሁን? እዚሁ ቆሜ?"

"የተመረመረ ነው" አለና አውራ ጣት የሰረጎደውን ቦታ አሳየኝ።