ሥልጠና ላይ ናቸው

ሥልጠና፣ ሥልጣኔ፣ ሥልጣን። ሦስቱም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ይህን ዝምድና እንደ አዲስ አበባ ባንኮችና ሆስፒታሎች የተረዳው ያለ አይመስለኝም። ተመስገን ነው። በየትኛውም ቀን ብትሄዱ ግማሹ ሠራተኛ እየሠለጠነ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ ባንክ ገባሁ። ስሙን አልጠራም፤ ሌሎቹ ይቀናሉ። አምስት መስኮት አለው። ሦስቱ ጋ ወንበሩ ጠረጴዛው ሥር ተሸጉጧል። አራተኛው መስታወት ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ሥልጠና ላይ ነን»። አምስተኛው ጋ አንዲት ልጅ ብቻዋን ብር ትቆጥራለች። ምን አጥፍታ እንደቀረች እንጃ።

ወረፋውን የሚያስተናብረው ጥበቃው ነው። «እማማ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ፣ ተራዎትን እኔ እጠራዎታለሁ። ወንድሜ፣ መታወቂያህን አውጥተህ ያዝ። አንቺ፣ ለኤቲኤም ከሆነ በውጭ በኩል ነው።» መጻፍ የማይችሉትን ከሚችል ጋር አገናኝቶ ፎርም ያስሞላል። ተራ ሊዘል የመጣውን በዓይኑ ብቻ ይመልሰዋል። ይህ ሰው አንድም ቀን ሥልጠና ሄዶ አያውቅም አሉኝ። አሳዘነኝ። ስንት ነገር ቀርቶበታል!

ሥልጠና እኮ ዛሬ በመሥሪያ ቤት አዳራሽ አይሰጥም። ቢሾፍቱ ነው፣ ካልሆነም አዳማ። ዕውቀት ደጋ አይስማማውም መሰለኝ፤ ወረድ ብሎ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ነው ጭንቅላት ውስጥ የሚገባው። ባነር ይሰቀላል። የመክፈቻ ንግግር፣ ሻይ ቡና፣ ስላይድ፣ ምሳ፣ ስላይድ፣ ሻይ ቡና፣ የቡድን ፎቶ። ከምሳ በኋላ ሠልጣኙ ዓይኑን ጨፍኖ የተማረውን በጥልቀት ያብላላል። አንዳንዱ ሲያብላላ ድምፁ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ማታ አበሉን ሲፈርም ግን ንቁ ነው።

ዶናልድ ከርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠና በአራት ደረጃ ይመዘን ብሎ ጻፈ። ሠልጣኙ ወደደው ወይ? አወቀ ወይ? ያወቀውን ሥራው ላይ አዋለው ወይ? መሥሪያ ቤቱስ በዚያ ምክንያት ምን ተሻሻለለት? ምስኪን፣ እስከ አራት ደከመ። እኛ አንደኛዋን ይዘን ጨርሰናል። በመጨረሻው ቀን የምትታደለው ቅጽ ላይ ስለ አዳራሹና ስለ ምግቡ ይጠየቃል። ሁሉም «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት ያደርጋል። ሥልጠናው ግቡን መታ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

ለውጥ የለም ያለው ማነው ታዲያ? ድሮ እዚያ ባንክ ስሄድ «ሲስተም የለም» ነበር የምባለው። ከደንበኛ አያያዝ ሥልጠናው ወዲህ «ውድ ደንበኛችን፣ ሲስተም የለም» ሆኗል። በፈገግታ። ሲስተሙ ራሱ ግን ቢሾፍቱ ሄዶ አያውቅም።

ሆስፒታልም ያው ነው። የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ እጅ መታጠብ ሠልጥና መጣች። የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ጊዜ ብሎ ያስቀመጠውን እንደ ውዳሴ ማርያም ትደግመዋለች። ታካሚ ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ደምና ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፣ ታካሚውን ከነኩ በኋላ፣ አልጋና ዕቃውን ከነኩ በኋላ። ክፍሌ ስመለስ ቧንቧውን ከፈትኩት አለችኝ። ፉጨት ብቻ። ከሥሩ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ አፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። እሱም ባዶ ነው። ከቧንቧው በላይ ሰርተፍኬቷ በላስቲክ ተለብጦ ተሰቅሏል። ጥሩነቱ፣ ውሃ ስለማይረጨው አይበላሽም።

ዜመልቫይስ የሚባለው ሐኪም ይህን የሥልጠና ዘዴ ሳያውቅ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ የወላድ እናቶች ሞት ሲያስጨንቀው የክሎሪን ኖራ በሳፋ በጥብጦ አስቀመጠ። ሳትታጠቡ ወላድ አትነኩም አለ። በቃ። ባነር የለ፣ ስላይድ የለ። በክፍሉ 18 በመቶ ደርሶ የነበረው ሞት በጥቂት ወራት ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን የሥራ ውሉ ሳይታደስለት ቀረ። አበል ስላልከፈለ ይሆናል።

ማን ይሂድ በሚለውም እንደኛ ፍትሐዊ የለም። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ሥልጠና የሚሄደው መሣሪያውን የሚነካው ሰው አይደለም። ተራው የደረሰው ነው። ሠልጥኖ ሲመለስ ሌላ ክፍል ይዛወራል። መሣሪያው ላስቲኩን ሳያወልቅ ይጠብቃል።

እኔም ጠበቅኩ። ልጅቷ ማክሰኞ አልደረሰችልኝም፣ ሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። አምስቱም መስኮት ሰው አለበት! አዲስ ሰማያዊ ቦርሳ፣ አዲስ ፈገግታ። ግን በሩ ላይ ግፊያ ነው። ሁለት ሰው «ቀድሜሃለሁ» ይባባላል። አንዱ ለኤቲኤም መጥቶ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቆሟል።

«ጥበቃው የት ሄደ?» አልኩ።

«ውድ ደንበኛችን፣» አለችኝ ልጅቷ፣ «የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ላይ ነው።»

እማማ ደብተራቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «አሁን ተራው የማን ነው?»